ባዶውን አትልቀቂ

ጆሮዬ ውስጥ ድምፅ አለ። ሰው ሲጠይቀኝ ንብ ነው ብዬ አልፋለሁ፤ ንብ ግን አይደለም። ክር ፋብሪካ፣ ማጠንጠኛው ክፍል ቆሜ ያረጀሁበት የማሽን ድምፅ ነው። ከፋብሪካው ስወጣ ሌላው ሁሉ እዚያው ቀረ፤ ጓደኞቼ፣ ሰማያዊ ሽርጤ፣ የምሳ ሰዓት ሳቃችን። ድምፁ ብቻ ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ በእሱ ማንኮራፋት እሸፋፍነው ነበር። እሱ ሲሞት ቤቱ ጭር አለና ድምፁ የቤቱ ጌታ ሆነ።

ጥጥ መንደፍ የያዝኩት ለእንጀራዬ ብቻ አይደለም። የጥጥ ደጋን ማለት ጎበጥ ያለ እንጨት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፉ ጅማት ተወጥሮበታል። ጅማቱን ጥጡ ውስጥ አስገብቶ በጣት ሳብ ለቀቅ ሲያደርጉት ድው፣ ድው ይላል፤ ጥጡ እየዘለለ ይፍታታና የጠዋት ደመና ይመስላል። እሱ ድው ሲል የጆሮዬ ድምፅ ከሥሩ ይደበቃል። አይሄድም፤ ይደበቃል። እኔም ከዚህ የተሻለ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ጋሽ አምባው ለፈትል የማይሆን ቆሻሻ ጥጥ እንዳመጣላቸው ላኩብኝ። ጋሽ አምባውን አቃቂ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ሳሪስ አቦ መንገድ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ሰዓት ይጠግናሉ። ሁለት እግራቸውን ሰሜን ጦርነት ላይ ጥለው፣ በደርግ ጊዜ ለሕክምና በረዶ ወዳለበት አገር ተልከው ነበር። እዚያ ቁስለኞቹን ተቀምጦ ቀስት መወርወር ያስተምሯቸዋል። ብዙው ሰው ታክቶት ተወው፤ እሳቸው ግን ከአገሩ ሰዎች ጋር ተወዳድረው ሜዳሊያ እስኪያገኙ ድረስ ያዙት። ሲመለሱ ይዘው የመጡት ልብሳቸውንና አንድ ቀስት ነው ይባላል።

እኔ ይህን ሁሉ በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጥጡን በጆንያ አዝዬ የባቡር ሐዲዱን ተሻገርኩና ወደ ወንዙ ወረድኩ። ማለዳ ነው። ጉም ሜዳውን ሞልቶት ሣሩ የት እንደሚጀምር፣ ወንዙ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ከአባ ሳሙኤል በኩል የመጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች ቆመዋል፤ እግራቸው በጉሙ ተበልቶ አየር ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ጋሽ አምባውም በዊልቸራቸው ላይ እንደዚያው ነበሩ። ጎማው አይታይም። ከወገባቸው በላይ ብቻ ጉሙ ላይ ተንሳፍፈዋል።

ልጠራቸው አፌን ስከፍት ቀስቱን አነሱ። ጥቁር ነው፣ ቁመቱ የልጅ ያህላል። ሳቡት፤ ክሩ አገጫቸው ሥር ገብቶ ቆመ። ከዚያ ጣታቸው ተከፈተ።

ያኔ የጆሮዬ ድምፅ ጠፋ።

ተደበቀ አላልኩም፤ ጠፋ። ፍላጻዋ ከቀስቱ ወጥታ፣ ማዶ ቆሻሻ ጥጥ ሞልተው ለዒላማ ያቆሙት ጆንያ ላይ እስክትተከል ድረስ ዓለም እንዳለ ባዶ ሆነ። በዚያች ቅጽበት ጤዛ ከሣር ላይ ሲወርድ የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ጧ አለች፣ ወፎቹ አንገታቸውን አዞሩ፣ ማሽኑም ጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ ተነሳ። ጆንያዬን እንዳዘልኩ ቆሜ ቀረሁ። ጥጥ ይዤ ሄጄ ሌላ ነገር ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሄጄ ያስተምሩኝ አልኳቸው። ሳቁ። ስንት ጎረምሳ መጥቶ በሳምንቱ እንደጠፋ ነገሩኝ። እኔ ጎረምሳ አይደለሁም አልኳቸው። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ ለቀስቱ ነው ወይስ ለሰርግ አልኳቸው። እንደገና ሳቁ፤ ግን እሺ አላሉም። በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ፣ በአራተኛውም። አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ እናቴም ይህቺ ልጅ መዥገር ናት ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ጋሽ አምባው መነጽራቸውን አውልቀው ለምን እንደምፈልገው በእውነት እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የጆሮዬን ነገር ነገርኳቸው። ለሐኪም እንኳ እንደዚያ አድርጌ ነግሬ አላውቅም።

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ ፍላጻዋ ስትሄድ እሄዳለሁ» አሉኝ። ፍላጻ በለቀቁ ቁጥር እግራቸው ሣሩን ሲረግጥ ይሰማቸዋል። ታች ባሕር ዛፎቹ ድረስ ያደረሱ ቀን ባሕር ዛፉ ድረስ ተራመዱ ማለት ነው። «ለሰው ብነግር አበደ ይሉኛል። ላንቺ ግን ችግር የለውም፤ አንቺም ጤነኛ አይደለሽም።»

እንዲህ ሆነን ተግባባን።

መጀመሪያ ቀስቱን አልሰጡኝም። የጎማ ላስቲክ ነው የሰጡኝ፤ እሱን እየሳብኩ አገጬ ሥር ማቆም። ክንዴ ሲንቀጠቀጥ፣ በክንድሽ አይደለም በጀርባሽ ነው የምትስቢው ይሉኛል፤ ሁለት ትከሻሽ ከኋላ ሆነው ሐሜት እንዲያወሩ አድርጊ። እቤት ጥጥ እየነደፍኩ ትከሻዎቼን ሳስጠጋ ሐጀራ አይታኝ ነርቭ ነው እንዴ አለችኝ። ሐጀራ ጎረቤቴ ናት፤ የስልጤ ሰው፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ምላሷ እንደ በርበሬዋ ነው፤ ልቧ ግን ሌላ።

ቀስቱን የያዝኩ ቀን ክሩ ተመልሶ የግራ ክንዴን ገረፈኝ። ውስጡ በለዘ። ሐጀራ ዘይት ስትቀዳልኝ አየችው።

«አንቺ፣ ባልሽ ከሞተ ቆይቷል። ማነው የመታሽ?»

«ቀስት ነው።»

«ቀስት!» አለችና ዘይቱን አስቀመጠች። «አቻምየለሽ፣ ከማን ጋር ልትዋጊ ነው? ንገሪኝና እኔም ሱቁን ልዝጋ።»

ስቃ ስታበቃ ግን ከቆዳ ሻጩ ዘመዷ ቁራጭ ቆዳ አምጥታ፣ በዚህ ክንድሽን እሰሪ አለችኝ። ያንን ቆዳ አስሬ ነው የተማርኩት።

ጋሽ አምባው ሲያስተምሩ አይጮሁም። ሰዓት እንደሚጠግኑት ነው የሚያስተምሩት፤ አንዷን ነገር ብቻ ነካ አድርገው ይተዉሻል። ዛሬ ጣትሽን። ነገ አንገትሽን። አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተማሩኝ መቆም ብቻ ነው፤ እግር የሌላቸው ሰው መቆም አስተማሩኝ ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደሳቸው መቆምን የሚያውቅ አላየሁም። መሬቱ ከተረከዝሽ ሥር ይምጣ፣ አንቺ አትጫኚው ይሉኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ስቆም መሬቱ ቀስ ብሎ ሲመጣ ይሰማኝ ጀመር።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። ጥጥ ነዳፊ ደጋኑን ሲያነሳ መጀመሪያ ባዶውን ይመታዋል። ጅማቱ ላልቶ ይሁን፣ አየሩ እርጥብ ይሁን፣ በድምፁ ነው የሚያውቀው። እናቴም እንዲያ ታደርግ ነበር፣ አያቴም። እኔም ቀስቱን ባነሳሁ ቁጥር ጣቴ ሳላዝዘው ክሩን ነካ ያደርገዋል። ጋሽ አምባው እያዩ ያልፉኛል። አንድ ቀን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ስነካው እጄን ያዙኝ።

«ስሚ። ይሄ ደጋን አይደለም። ፍላጻ ሳይኖርበት ባዶውን አትልቀቂ።»

«ለምን?»

«ጉልበቱን ፍላጻዋ ናት ይዛው የምትሄደው። እሷ ከሌለች የት ይሂድ? ተመልሶ ራሱን ይመታል።»

እሺ አልኳቸው። በልቤ ግን እሺ አላልኩም። ይህ ሰው የጥጥ ነገር አያውቅም አልኩ። ድምፁን ያልሰማሁትን ክር እንዴት አምናለሁ? ከዚያ በኋላ እሳቸው ዞር ሲሉ በቀስታ ነካ አደርገው ነበር፤ ምንም አልሆነም። ምንም ሳይሆን ሲቀር ጊዜ ትክክል ነኝ አልኩ።

ወራቱ እንደ ሕልም ሄዱ። ጠዋት ሐዲዱን ስሻገር የወንዙ ቀለም በየቀኑ ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን እንደ ወይን ጠጅ። ባቡሩ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ድምፁ ይወጣል፣ ኋላ እሱ ይከተላል። ባለቤቴ በባቡር መሥሪያ ቤቱ የሠራ ሰው ነበርና መስኮቶቹን አያለሁ። ማንንም ፈልጌ አይደለም። ፍላጻ እለቃለሁ፣ ያቺ ዝምታ ትመጣለች። መጀመሪያ እንደ ዓይን ጥቅሻ ነበረች፤ እየቆየ ሰፋች። አንዳንዴ ውስጧ የምገባ ይመስለኛል፤ ግድግዳ የሌለው ነጭ ቤት ነው፣ ወለሉ ጥጥ፣ ጥግ ላይ ሰው ተኝቷል፣ አያንኮራፋም። ፍላጻዋ ስታርፍ ቤቱ ይፈርሳል። ጆንያው ላይ አርፋ አታውቅም፤ ሣሩ ውስጥ ነው የምትወድቀው። ዝምታው ግን ስቼም ቢሆን ይመጣልና ግድ አልነበረኝም። እንቅልፍ ተመለሰልኝ። ሐጀራ፣ ፊትሽ ወዛ፣ ባል አገኘሽ እንዴ ብላ አስቸገረችኝ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን የጆሮዬ ድምፅ ከምንጊዜውም ብሶ ዋለ። የሰፈሩ መብራት ትራንስፎርመር አጠገቤ ጮሆ ነው መሰለኝ የቀሰቀሰው። ሜዳው ስደርስ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ፍላጻዎቹን በችኮላ ለቅቄ ለቅቄ ጨረስኳቸው፤ አልበቃኝም። ጋሽ አምባው ለመልቀም ዊልቸራቸውን እየገፉ በሣሩ ውስጥ ሄዱ። እኔ ልለቅም ይገባ ነበር፤ ቆሜ ቀረሁ። ቀስቱ እጄ ላይ ነው። ድምፁ ይጮሃል። እስኪመለሱ መጠበቅ አቃተኝ።

ባዶውን ሳብኩት። ነካ አላደረግኩትም፤ አገጬ ሥር እስኪገባ ድረስ ሳብኩት። ለቀቅኩት።

ዝምታ አልመጣም። የመጣው እንደ ደረቅ እንጨት ያለ ድምፅ ነው፤ ቀስቱም እጄ ላይ አንዴ ተንቀጠቀጠና ረጋ።

ጋሽ አምባው ዊልቸራቸውን አዞሩ። ከሩቅ ነው የሰሙት፣ ግን አልጠየቁም። መጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰጠኋቸው። ከመያዣው በላይ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ጥቁሩን ቀለም ለሁለት ከፍሎታል። በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«አታውቂም ነበር ልበል?» አሉኝ።

«ነግረውኝ ነበር።»

«ነግሬሽ ነበር።»

ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ቀስቱን ጭናቸው ላይ ጋደም አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሐዲዱን ሲሻገሩ ዊልቸሩን ልገፋላቸው ጠጋ አልኩ፤ በእጃቸው ተዪኝ አሉ። ቀስቱ ሲሰበር የጠፋው የእኔ ዝምታ ብቻ አይደለም። ያንን ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህ ሰው የትም አይሄዱም።

ቤቴ ገብቼ ደጋኔን አንጠለጠልኩት። መንደፍ አስጠላኝ። ሐጀራ መጣችና ነገሩን ነገርኳት። ይህን ጊዜ አልቀለደችም። እንጨት ነው፣ ሌላ ይገዛል አለች። የሚገዛበት ቦታ የለም አልኳት። ከዚያ ወንድሟ ክንዱን የሰበረ ጊዜ ሆስፒታሉ ቀጠሮ ሲያበዛባቸው ወጌሻ እንዴት እንዳሰረው አነሳች፤ ዛሬ ጆንያ ስኳር በዚያው ክንዱ ይሸከማል። እንዲሁ ለማጽናናት ነበር ያወራችው። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

ከጥጤ ውስጥ ረጅሙን፣ ጠንካራውን መረጥኩ። እንዝርቴን አወጣሁ። ሸማ ሠሪ የሚወደው ለስላሳ ፈትል ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ፣ አጥብቄ፣ ጣቴን እስኪቆርጠኝ አከረርኩት። ደርቤ ገመድኩት። ጧፍ እንደሚሠራ ሰም አቅልጬ አጠጣሁት። የጆሮዬ ድምፅ እየጮኸ ነው የፈተልኩት፤ የሚደብቀው ደጋን የለም፣ የሚያጠፋው ቀስት የለም። ከሱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ፈተልኩ።

ልቃቂቱን ይዤ ሳሪስ አቦ ሱቃቸው ሄድኩ። ጋሽ አምባው ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው የሴት ሰዓት ከፍተዋል። አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ልቃቂቱን የሰዓቶቹ መሃል አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«ክር።»

«ክር የተሰበረ ያድናል?»

«ወጌሻ በምን ያስራል ታዲያ?»

ማጉያውን አወጡ። ክሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት፤ አልተበጠሰም። አሸተቱት። ሰም ነው አሉ፣ ለራሳቸው። ደንበኛዋ ሰዓቷን ልትወስድ መጥታ ቆማለች፤ ነገ ነይ አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ቀርከሃ እንደሚያስፈልግ፣ ኮላ ግን ቤት እንዳላቸው ነገሩኝ።

በረንዳቸው ላይ ሠራነው። ስንጥቁ ውስጥ ኮላ አፈሰሱ፣ እኔ ከዚህና ከዚያ ስስ የቀርከሃ ልጥ ያዝኩ፣ ከዚያ ክሩን ዙሪያውን ጠመጠምኩ። እዚህ ላይ መምህሯ እኔ ነበርኩ። አንዱ ዙር ሌላው ላይ እንዳይወጣ፣ መሃል ክፍተት እንዳይኖር፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜዬን የበላው ሥራ ነው። እሳቸው ቀስቱን ያሽከረክራሉ፣ እኔ ክሩን እወጥራለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት ስለ ስንጥቁ አላነሱም። አንዴ ብቻ ቀና ብለው፣ «ባዶውን ስትለቂው ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምንም ዝምታ አልመጣም።»

«አይመጣም። ፍላጻዋ ናት ይዛው የምትሄደው።»

ወጌሻ ያሰረውን ማንም አይነካም፤ ጊዜው ሲደርስ ያሰረው እጅ ራሱ ነው የሚፈታው አልኳቸው። የአገራችን ሥርዓት ነው፤ ልጅ ሳለሁ እጄን የሰበርኩ ጊዜ ማሰሪያው ባሳከከኝ ቁጥር ስለፈታታሁት ነው ዛሬም የግራ አውራ ጣቴ ጠማማ የሆነው። ስለዚህ ይህን ጊዜ ግትርነቴን ለትዕግሥት አዋልኩት። ቀስቱ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ ክረምቱ አለፈ። ሜዳው ውሃ ተኛበት። በሳቸው በር ሳልፍ አየዋለሁ፤ ነጭ ክር የታሰረበት ክንድ ይመስላል። አልነካውም። እሳቸውም አልነኩትም። ቤቴ ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲወርድ የጆሮዬን ድምፅ ይሸፍንልኝ ነበርና በዚያ ቻልኩ።

መስከረም ላይ፣ አደይ ሐዲዱን ግራና ቀኝ ቢጫ ሲያለብሰው፣ ወረድን። ይህን ጊዜ ዊልቸሩን እኔ ገፋሁ፤ ተዪኝ አላሉኝም። ጉሙ እንደ አምናው ነበር። ወፎቹ ገና አልመጡም። ጋሽ አምባው ክሩን ወጠሩና ቀስቱን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እርስዎ ይሞክሩ እንጂ» አልኩ። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

«ያሰረው እጅ ነው የሚፈታው አላልሽም?»

ቢሰበር በእኔ እጅ ሊሰበር ነው። ዳግመኛም አይታሰርም። ቀስቱን ተቀበልኩ። ጣቴ እንደ ልማዱ ክሩን ሊነካ ሄደ፤ መንገድ ላይ ያዝኩትና ፍላጻ አነሳሁ። አስገባሁ። መሬቱ ከተረከዜ ሥር እስኪመጣ ጠበቅኩ። እስከ አገጭሽ አትሳቢው አሉ፣ እስከ ግማሽ። ሳብኩ። ማሰሪያው ውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ አቃሰተ። እንደ ሽማግሌ ነው ያቃሰተው፤ ግን ቻለ። ለቀቅኩ።

ነጩ ቤት መጣ። ጠባብ ነበር፣ አጭር ነበር፣ ግን መጣ። ወለሉ ጥጥ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሰው ተኝቷል። ከዚያ ፍላጻዋ ጆንያው ዘንድ ሳትደርስ ለስለስ ብላ ሣሩ ውስጥ ወደቀች፤ ማሽኑም ጆሮዬ ውስጥ ተነሳ። ይነሳ። ማሰሪያውን በጣቴ ዳበስኩት። አልላላም።

ሄጄ ጆንያውን እየጎተትኩ አቀረብኩት። ግማሽ ጉልበት ያለው ቀስት ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። እስክመለስ ጋሽ አምባው ቀስቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ማሰሪያውን ያያሉ፤ ሰዓት እንደሚያዩት፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው። ከዚያ አነሱት። ጆንያውን አላዩትም። ወደ ባሕር ዛፎቹ ነው የዞሩት፣ ድሮ ወደሚሄዱበት።

ግማሽ ሳቡና ለቀቁ። ፍላጻዋ ጉሙ ውስጥ ገባች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ሮጬ ተከተልኳት።

«እስከየት ሄድኩ?» ብለው ከኋላዬ ጠሩኝ።

ባሕር ዛፎቹ ገና ሩቅ ናቸው። ፍላጻዋ ወንዙ አጠገብ፣ ሸምበቆው ሥር ቆማለች፣ ላባዋ ጤዛ ይዟል።

«እስከ ሸምበቆው» አልኳቸው።

ጉሙ መሃላችን ስለነበር ፊታቸውን አላየሁትም።

«ይበቃል» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ነይ አምጪያት፣ ደግሞ የአንቺ ተራ ነው።»